የክሮይትስበርግ ወንበር፦ ያሸነፈው ሰውዬው ነው ወይስ ሰፈሩ?

በመድረካችን ይህን የውይይት ክር የከፈተው ላይፕሲግ የሚማር ወጣት አባላችን ነው። ፍሪድሪሽስሃይንንና ክሮይትስበርግን አንድ ላይ የያዘው የበርሊን የምርጫ ክልል ከ2002 ጀምሮ በአረንጓዴዎቹ እጅ ነበር፤ በየካቲት 2025 ግን ግራ ፓርቲው፣ ዲ ሊንከ፣ ወሰደው። ልጁ ይህ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። ግምቱንም አብሮ አስቀመጠ፦ ወንበሩ ድሮም የፓርቲው አልነበረም፣ ከ2002 እስከ 2017 የያዙት የአረንጓዴዎቹ ፖለቲከኛ የሃንስ ክሪስቲያን ሽትሮበለ የግል ወንበር ነበር፣ እሳቸው ሲለቁ መውደቁ አይቀርም ነበር ባይ ነው። ክሩ እየረዘመ ሄዶ መሃል ላይ ከርዕሱ ወጥቷል። ቁም ነገሩ ግን በአማርኛ ተጽፎ የማይገኝ ስለሆነ መልሶቹን በየቁጥራቸው አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። የኢትዮጵያን አዋጅና ምርጫ ከሚመለከቱት ሁለት ዓመቶች በቀር፣ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ከፍራንክፈርት ነው። ጸሐፊው ጠያቂውን አመስግኖ፣ ብዙዎቻችን ጀርመን ስንኖር የሁለቱን ድምፅ ነገር በቅጡ ሳንረዳ ዓመታት እንዳለፉ አነሳና የሚያውቅ እንዲያስረዳ ለመነ።

በመልስ 2 ያስረዳችው እህት ክሮይትስበርግ ውስጥ በምርጫ ጣቢያ ረዳትነት ያገለገለች ናት። በዚህ ክር ከወደድኳቸው መልሶች አንዱ የእሷ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ሁለት ዓምድ አለው። በግራ በኩል በጥቁር የታተመው የመጀመሪያው ድምፅ ለሰው ነው፤ በክልሉ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በቀኝ በኩል በሰማያዊ የታተመው ሁለተኛው ድምፅ ለፓርቲ ዝርዝር ነው፤ ፓርላማው ውስጥ ማን ስንት ወንበር እንደሚይዝ የሚወስነው ይኸኛው ነው። ማታ ሳጥኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ቆጣሪዎቹ በቅድሚያ ይለያሉ። ሁለቱም ምልክት ለአንድ ፓርቲ የሆነው በየፓርቲው ይከመራል፤ ግራና ቀኙ የተለያየው ለብቻው ይቀመጣል። በሽትሮበለ ጊዜ በእሷ ጣቢያ ይህ ለብቻው የሚቀመጠው ክምር ነበር ከፍ የሚለው። በግራው ዓምድ ሽትሮበለ፣ በቀኙ ሶሻል ዴሞክራት ወይም ሌላ። ሰዎቹ ሰውየውን ከፓርቲው ለይተው ይመርጡ እንደነበር በእጇ ይዛ አይታዋለች።

መልስ 3 የጻፉት በሰማንያዎቹ ምዕራብ በርሊን የገቡ አባት ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የመለሱላቸው። የክልሉ ታሪክ ከ2002 አይጀምርም አሉ። ምዕራብ በርሊን እስከ ውህደቱ ድረስ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ የበላይ ሥልጣን ሥር ስለነበረች ነዋሪዋ ለፌዴራሉ ፓርላማ፣ ለቡንደስታግ፣ ድምፅ አይሰጥም ነበር። 22ቱን የበርሊን እንደራሴዎች የሚልከው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ እነሱም በምዕራብ ጀርመን መዲና ቦን ሕግ ሲጸድቅ ድምፃቸው ከሙሉ ቁጥር ጋር አይደመርም። ሽትሮበለ ራሳቸው ከ1985 እስከ 1987 ቡንደስታግ የገቡት በዚህ መንገድ ነበር። ክሮይትስበርጎች ከማዶ ካለችው ፍሪድሪሽስሃይን ጋር በአንድ ቀን ለአንድ ፓርላማ የመረጡት በታኅሣሥ 2 ቀን 1990 ነው። ጋሼ ያን እሑድ ሲያስታውሱ የአጻጻፋቸው ስሜት ይለወጣል፤ ለዓመታት በግንቡ ጥግ የኖሩ ጎረቤቶቻቸው መታወቂያቸውን ይዘው ሲሰለፉ አይተዋል፣ እሳቸው ግን ዜግነቱ ስላልነበራቸው ዳር ቆመው ነው የተመለከቱት።

በመልስ 4 የካርታ ሥራ የሚያውቅ ሰው ገባ። በርሊን በጥር 2001 የነበሯትን 23 ወረዳዎች ወደ 12 አወረደች። ክሮይትስበርግ ከምዕራብ፣ ፍሪድሪሽስሃይን ከምሥራቅ፣ ሽፕሬ ወንዝን ተሻግረው ተዋሐዱ፤ የሚያገናኛቸው የኦበርባውም ድልድይ በወረዳው አርማ ላይ ይታያል። በዚያው ሰሞን ቡንደስታግም ራሱን ቀነሰ፦ የምርጫ ክልሎች ከ328 ወደ 299፣ የበርሊኑ ድርሻ ከ13 ወደ 12። ለ2002 ምርጫ የተሠራው አዲሱ ክልል ወረዳውን በሙሉ ይዞ፣ በአስተዳደር የፓንኮ ወረዳ የሆነውን የፕሬንትስላወር በርግን ምሥራቃዊ ክፍል ጨመረበት። መልስ 5 አጭር እርማት ናት። ሰዎች 84፣ 83 እና 82 የሚሉትን ቁጥሮች የተለያዩ ክልሎች አድርገው ይወስዷቸዋል፤ ክልሉ ግን አንድ ነው፣ ሌላ ቦታ ክልሎች ሲቀነሱና ሲጨመሩ ተራ ቁጥሩ ስለሚገፋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው በጨዋነት ሄደ። መልስ 6 ነው ያጋጋለው። ጸሐፊው ካርታው የተሳለው ፔዴኤስን፣ ማለትም የዛሬውን ዲ ሊንከ ዋና መነሻ፣ ከፓርላማ ለማስወጣት ነው አለ። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው የሦስቱን ወንበር ደንብ ነው። የጀርመን ሕግ ከመላ አገሪቱ 5 በመቶ ላላገኘ ፓርቲ በሩን ይዘጋል፤ ሦስት ክልሎችን በቀጥታ ካሸነፈ ግን የድምፁን ያህል ወንበር ይሰጠዋል። መልስ 7 ደገፈውና ታሪኩን ጨመረ። በ1994 ፔዴኤስ 4.4 በመቶ ብቻ አግኝቶ የገባው በምሥራቅ በርሊን አራት ክልሎችን ስላሸነፈ ነው። ከአራቱ አሸናፊዎች አንዱ በሚተ–ፕሬንትስላወር በርግ የቆሙት ደራሲው ሽቴፋን ሃይም ነበሩ፤ በ81 ዓመታቸው በዕድሜ አንጋፋ በመሆናቸው የአዲሱን ቡንደስታግ የመክፈቻ ስብሰባ መርተዋል። ያንኑ ክልል በ1998 ፔትራ ፓው የሶሻል ዴሞክራቱን ቮልፍጋንግ ቲርዘን አሸንፋ ይዛዋለች። በ2002 የምሥራቁ ሰፈር ከምዕራቡ ጋር ሲቀላቀል ፔዴኤስ 4 በመቶ አገኘ፣ ያሸነፈው ሁለት ክልል ብቻ ሆነ፣ ሁለት ሴቶችን ብቻ ይዞ ቀረ።

መልስ 8 በቁጣ ነው የተጻፈው። የሴራ ወሬ ከአገር ቤት ይዛችሁ መጥታችሁ እዚህም ትዘሩታላችሁ የሚል መንፈስ አለው። ቁጣው ባያስፈልግም ክርክሩ ባዶ አልነበረም፦ ክልሎቹን የመቀነሱ ውሳኔ የተላለፈው በ1990ዎቹ በቻንስለር ሄልሙት ኮል ዘመን ነው፣ በርሊንም ወረዳዎቿን ስታዋሕድ የምርጫ ካርታው መከተሉ የግድ ነበር።

መልስ 9 የእኔ ነው። የጻፍኩት ይህንን ነው። ፔዴኤስ በአዲሱ ካርታ መጎዳቱን መካድ አይቻልም፤ ሚተ ከቲርጋርተንና ከቬዲንግ ጋር ሲቀላቀል የድሮው ምሽግ ተበትኗል። ስለ ክሮይትስበርግ ወንበር ሲወራ ግን ሽትሮበለ የፔዴኤስን ሦስተኛ ወንበር ነጠቁት ማለት ውጤቱን አለማየት ነው። በመስከረም 2002 ሽትሮበለ በ31.6 በመቶ ሲያሸንፉ በቅርብ የተከተላቸው የሶሻል ዴሞክራቶቹ ዕጩ ነው፤ የፔዴኤሷ ዕጩ ሦስተኛ ነበረች። ያ ፓርቲ በዚያ በጋ ግሬጎር ጊዚ ከበርሊን የኢኮኖሚ ሴናተርነት፣ ማለትም ከከተማዋ መንግሥት ሚኒስትርነት፣ በመልቀቃቸው ትልቁን ፊቱን አጥቷል። ካርታ ብዙ ነገር ይሠራል፤ 31.6 በመቶን ግን የሠራው ሰው ነው።

መልስ 10 ከዚያው ቀጥሎ ሰውየው እንዴት እንዳሸነፉ አወራ፤ ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ ብተርከው እወዳለሁ። በኅዳር 2001 ቻንስለር ገርሃርድ ሽሮደር ጦር ወደ አፍጋኒስታን የመላኩን ጉዳይ ከመተማመኛ ድምፅ ጋር አሰሩት። ያለፉት በ336 ድምፅ ነው፤ የሚያስፈልገው 334 ነበር። እምቢ ካሉት አራት አረንጓዴዎች አንዱ ሽትሮበለ ናቸው። በማግስቱ ዓመት የበርሊን አረንጓዴዎች የዕጩ ዝርዝራቸውን ሲያወጡ አስተማማኙን ቦታ ለምሥራቅ ጀርመኑ የመብት ታጋይ ለቬርነር ሹልስ ሰጡ፤ ሽትሮበለ ያለ ዝርዝር ቀሩ። የቀራቸው አንድ መንገድ ነው፣ ክልሉን በቀጥታ ማሸነፍ፤ ያን ደግሞ ከአረንጓዴዎቹ ማንም አድርጎት አያውቅም። በ63 ዓመታቸው ቀይ ሻርፕ አጥልቀው፣ በብስክሌት ገበያ ለገበያ ዞሩ። የካርቱን ሠዓሊው ገርሃርድ ዛይፍሪድ የሣለላቸው ፖስተር መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ሽትሮበለን የሚመርጥ የራሳቸውን ፓርቲ አለቃ ዮሽካ ፊሸርን ዕረፍት ይነሳል። ምርጫው ሊደርስ ሲል አንድ ኒዮ ናዚ መንገድ ላይ በብረት ዱላ ራሳቸውን መታቸው። እሑድ ግን አሸነፉ። ከዚያ በ2005 ወደ 43 በመቶ፣ በ2009 ወደ 47 በመቶ፣ በ2013 ወደ 40 በመቶ እያገኙ አራት ጊዜ ተመረጡ። በ2013 ካሸነፉ ብዙም ሳይቆዩ ሞስኮ ሄደው የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያጋለጠውን ኤድዋርድ ስኖውደንን አግኝተው ደብዳቤውን ይዘው የተመለሱትም እኚሁ ሰው ናቸው። እስከ 2021 ድረስ በመላ ጀርመን አረንጓዴዎቹ በቀጥታ ያሸነፉት ብቸኛ የፌዴራል ክልል ይህ ነበር።

መልስ 11 ይህን ሁሉ ውዳሴ አልወደደውም። ሽትሮበለ በሰባዎቹ የግራ ክንፍ ታጣቂ የነበረው የቀይ ጦር ቡድን እስረኞች ጠበቃ እንደነበሩና በ1982 በፍርድ ቤት የ10 ወር የገደብ እስራት እንደተፈረደባቸው አስታወሰ፤ አሸባሪን የደገፈ ሰው እንዴት አርአያ ይሆናል አለ። መልስ 12 ይባስ ብላ የመልስ 11ን ጸሐፊ ስድብ ሰደበችው፤ ስድቡን አልደግመውም። ፍሬ ነገሩ ጠበቃና ደንበኛ አንድ አይደሉም የሚል ነው፣ በአገራችን ጠበቃ በመሆኑ ብቻ የታሰረ ስንት ሰው እያለ አንተ ይህን አታውቅም ወይ የሚል ቁጭት አለበት። በመልስ 13 የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለቱንም በስም ሳይጠራ ገሠጸ፣ አንድ አረፍተ ነገርም ሰረዘ። እኔ ፍርዱ መጠቀሱ ተገቢ ነው እላለሁ። መራጩም ያውቀው ነበር፤ አውቆ ነው አራት ጊዜ የመረጣቸው።

መልስ 14 የ2009ኙን ዘመቻ አነሳ። የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ዕጩ ቬራ ሌንግስፌልድ ነበረች፤ የምሥራቅ ጀርመን ተቃዋሚ የነበረች፣ በ1996 ከአረንጓዴዎቹ ወደ ኮል ፓርቲ የዞረች ሴት ናት። የራሷንና የአንጌላ መርክልን ደረት ገለጥ ያለ ልብስ የለበሱ ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ፖስተር አሠራች፤ ዓለም አወራበት፣ ድምፅ ግን አላመጣላትም። መልስ 15 ደግሞ ጭራሽ ወደ ድልድዩ ወሰደን። የሁለቱ ሰፈር ሰዎች በበጋ ኦበርባውም ድልድይ ላይ ተሰልፈው የበሰበሰ ቲማቲም፣ ዱቄትና ውሃ እየተወራወሩ ማን ማንን ከድልድዩ እንደሚያባርር ይፋለሙ ነበር፤ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሊያልፍ ሞክሮ የደረሰበትን ተርኳል። ከምርጫው ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል፣ የወረዳው ውሕደት በወረቀት ካለቀ በኋላም ሁለቱ ሰፈሮች ራሳቸውን ለየብቻ ይቆጥሩ እንደነበር ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ጉዳይ ዞረ። መልስ 16 ክሮይትስበርግ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ኖሮ ግብር የሚከፍል ነገር ግን ለቡንደስታግ የማይመርጥ ሰው ብዙ መሆኑን ጻፈ፤ ራሱም ከእነሱ አንዱ ነው። መልስ 17 ከሰኔ 2024 ወዲህ የጀርመን ሕግ የቀድሞ ዜግነትን መተው ስለማይጠይቅ ፈጥናችሁ አመልክቱ፣ ሁለቱንም ፓስፖርት ያዙ አለ። መልስ 18 ላይ አንዲት የሕግ ባለሙያ ቶሎ ደረሰችለት። የጀርመኑ በር መከፈቱ እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው የቀረው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ነው። በዚህ ጉዳይ ሰው በወሬ ተመርቶ ሲጎዳ ስላየሁ መልሷን ሁሉም እንዲያነበው እፈልጋለሁ። መልስ 19 ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን የአንድ ድምፅ ሥርዓት፣ የአዲስ አበባን 23 ወንበሮችና የ1997ቱን ምርጫ አነሳና የነገሩ መልክ ሊቀየር ሲል አስተዳዳሪው ለዚያ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠየቀ።

በመልስ 20 የካርታው ሰው ተመልሶ የመልስ 16ን ቅሬታ ከርዕሱ ጋር አገናኘው። የምርጫ ክልል ሲካለል የሚቆጠረው የጀርመን ዜጋው ብቻ ነው። የአንድ ክልል ሕዝብ ከአማካዩ ከ15 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም፣ 25 በመቶ ካለፈ ደግሞ ካርታው የግድ ይለወጣል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ የምናየው የሰው ብዛት ሌላ፣ ሕጉ የሚያየው ሌላ ነው። በክሮይትስበርግ ብዙው ነዋሪ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ይህን ሳነብ ጋሼ በ1990 ዳር ቆመው ያዩት ሰልፍ ትዝ አለኝ፤ እንዲህ ያለው ሰው ለካርታውም እንኳ አይቆጠርም።

መልስ 21 ለዋናው ጥያቄ የመጀመሪያው ቀጥተኛ መልስ ነው። በ2017 ሽትሮበለ ሳይወዳደሩ ሲቀሩ ጃናን ባይራም ቆሙ፦ ቱርክ ማላትያ የተወለዱ ጠበቃ፣ እስከ 2009 ሶሻል ዴሞክራት የነበሩ፣ በኦራኒየን አደባባይ ስደተኞች ድንኳን ተክለው በነበረበት ጊዜ ከጎናቸው የቆሙ። ያሸነፉት በ26.3 በመቶ ነው፤ የዲ ሊንከው ፓስካል ማይዘር በጠባብ ልዩነት ተከተላቸው። ጸሐፊው እንደሚለው ይህ ቁጥር ሁለቱንም ወገን ያስረዳል። ከ40 ወደ 26 የወረደው የሰውየው ድምፅ ነው፤ የቀረው 26 ደግሞ የሰፈሩ ነው። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። በ2021 ባይራም በሰፊ ልዩነት ደገሙት፤ አረንጓዴዎቹ ግን በዚያ ዓመት በአገሪቱ 16 ክልሎች ስላሸነፉ ክሮይትስበርግ ብቸኛ መሆኑ አብቅቷል።

መልስ 22 የ2021ዱን ምርጫ ዝርክርክነት ቆጠረ፦ የማራቶን ቀን፣ ያለቀ ወረቀት፣ ከሌላ ወረዳ የተቀያየረ ወረቀት፣ እስከ ማታ የቆየ ሰልፍ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2023 ከ2256 የበርሊን ምርጫ ጣቢያዎች በ455ቱ እንዲደገም ወሰነ፤ በየካቲት 2024 ተደገመ። ብዙ ሰው ስላልወጣ የበርሊን ድርሻ አነሰና ማይዘር በዝርዝር ያገኙትን ወንበር ለሄሰን ክፍለ ግዛት ዕጩ ለቀቁ። መልስ 23 እንዳለው ታሪኩ የዞረው እዚህ ላይ ነው። ባይራም ከፓርቲያቸው የስደተኞች ፖሊሲ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው እንደማይወዳደሩ አስታወቁ፤ ዲ ሊንከ ስለ ቤት ኪራይ በር እያንኳኳ ዘመተ፤ በየካቲት 2025 በሁለተኛው ድምፅ በመላ በርሊን 19.9 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፣ አራት የከተማውን ክልሎችም ወሰደ። ከአራቱ አንዱን ያሸነፉት ከዓመት ገደማ በፊት ወንበራቸውን አጥተው የነበሩት ማይዘር ናቸው። ጸሐፊዋ ሰፈሩ አልተለወጠም ትላለች፤ የሽትሮበለ መራጭ ከፓርቲው በስተግራ የቆመውን ሰው ነበር የሚፈልገው፣ አሁንም ያንኑ ፈልጎ ሌላ ቦታ አገኘው። እስማማለሁ፤ የክሩ ከፋች ግን እስካሁን አልተስማማም።

መልስ 24 አዲሱን ሕግ የሚመለከት ነው። በ2023 ቡንደስታግ ወንበሩን በ630 ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ በክልሉ አንደኛ የወጣ ሰው ወንበር የሚያገኘው የፓርቲው ሁለተኛ ድምፅ ሲሸፍንለት ብቻ ነው። በ2025 በመላ አገሪቱ 23 አሸናፊዎች በዚህ ምክንያት ውጭ ቀሩ። የሦስቱን ወንበር ደንብ ሕጉ ሰርዞት ነበር፣ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2024 ለጊዜው እንዲጸና አደረገው። ጸሐፊው ሽትሮበለ በዚህ ሕግ በ2002 ይወድቁ ነበር ብሎ ፈርቷል። ይወድቁ አልነበረም፤ የፓርቲው የበርሊን ድርሻ መጀመሪያ የሚሞላው በክልል አሸናፊዎች ነው፣ የዝርዝሩ ሰው ከእነሱ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ከአረንጓዴዎቹ ደግሞ በከተማው በቀጥታ ያሸነፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህንኑ ከሥሩ ጽፌለታለሁ።